የጉበቴ አልትራሳውንድ «ችግር አለው» ሲባል ያደረግኩት

ለጨጓራዬ ብዬ ሄጄ ነው ጉበቴ ላይ ነገር የተገኘው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ 1» (ጉበት ላይ ስብ መከማቸት፣ ቀላሉ ደረጃ) እና በቀኝ በኩል 1.8 ሴንቲ ሜትር የሆነች ነጭ ምልክት። በእርግጥ በጣም ደነገጥኩ።

ዶክተሩን ምስሉን አውጥቶ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ጉበትና ቀኝ ኩላሊት ጎን ለጎን ይታያሉ። በጤነኛ ሰው ግራጫቸው ይቀራረባል። የኔ ጉበት ግን ከኩላሊቱ በግልጽ ነጥቷል። ስብ የድምፁን ሞገድ አብዝቶ ስለሚመልስ ነው።

«ስብ መኖሩን አየን፤ ከምን እንደመጣ ግን ምስሉ አይነግረንም» አለኝና ጥያቄውን ጀመረ። መጠጥ? ስኳር? የምትወስጂው መድኃኒት? ለወፍ በሽታ ብለሽ ቅጠል ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ፦ «ጣና ዳር አይደል ያደግሽው? ሐይቁ ውስጥ ትዋኚ ነበር?»

እንዴት አልዋኝ! ለካ ከሐይቅ ውሃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ ሲቆይ ጉበት ውስጥ በፖርታል ቬይን (ከአንጀት ደም ወደ ጉበት በሚያመጣው የደም ሥር) ዙሪያ ጠባሳ ይጥላል። አልትራሳውንድ ላይ ጠባሳው የደም ሥሩን ተከትሎ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ጣፊያም ያብጣል። የኔ የደም ሥርም ጣፊያም ደህና ነበሩ። ይህን ሲነግረኝ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ፤ አብረውኝ የዋኙትን ሁሉ ግን አሰብኩ።

የደም ምርመራው ቀሪውን ተናገረ። ሄፓታይተስ ቢና ሲ የለብኝም። የጾም ስኳሬ 112 ነው፤ ከጤነኛው በላይ፣ ከስኳር ሕመም በታች። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ኤስጂፒቲ የሚባል ኢንዛይምም ትንሽ ከፍ ብሏል። ክብደቴ ደግሞ 84 ኪሎ ነበር። ምክንያቱ እሱ ነው። ከክብደት ከመቶ 7 እስከ 10 መቀነስ የጉበትን ስብም ቁጣም ያበርዳል ተባልኩ፤ ለኔ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ለስላሳውን ተውኩ፣ ዳቦውን ቀነስኩ፣ ማታ ማታ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ኪሎው ቀስ እያለ ወርዷል።

ነጯ ምልክት ሄማንጂዮማ ናት፤ የደም ሥሮች ጥቅል፣ ካንሰር ያልሆነች። በድጋሚ ስታይም አላደገችም። ግን ልብ በሉ፦ ያችው ምልክት ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ወይም ጉበቱ በጠባሳ በደረቀ ሰው ላይ ብትገኝ እንዲህ በቀላሉ አትታለፍም። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ታስፈልጋለች።

ለዚህ ነው ዘመድ የአልትራሳውንድ ወረቀት በቴሌግራም ሲልክልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የሄፓታይተስ ቢ ውጤቱን። ካልተመረመረ ነገ ጠዋት ይሂድ።