የአያቴ ሰማያዊ ማሰሮ

አያቴ ቅርንፉድና ሄል የምታስቀምጥበት የቻይና ፖርሴሊን ማሰሮ አሁን እኔ ቤት ነው። ክዳኑ ጠፍቷል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ነው። ደማቅ ሰማያዊው መደብ እንደተሰነጠቀ በረዶ በቀጫጭን መስመሮች ተከፋፍሏል፤ በላዩ ነጫጭ የፕለም አበባ ተበትኖበታል። ቅድመ አያቴ ድሬዳዋ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ እንደገዛችው በቤታችን ይወራል።

ሲገለበጥ በድርብ ክብ ውስጥ አራት የቻይና ፊደላት ይታያሉ። "በካንግሺ ዘመን የተሠራ" ይላል። የቻይናው ንጉሥ የካንግሺ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1662 እስከ 1722 ነው። ያየው ሰው ሁሉ "ሦስት መቶ ዓመት!" ብሎ ይደነቃል። እኔ ግን ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። የቻይና ሠሪዎች የቀደሙ ነገሥታትን ስም በዕቃቸው ሥር መጻፍ ልማዳቸው ነበር፤ ለአክብሮትም፣ ለገበያም። በካንግሺ ዘመን ራሱ ብዙ ዕቃ የተሠራው ከ200 ዓመት በፊት የነገሠውን የቼንግኋን ስም ይዞ ነው። እንዲያውም በ1677 የፖርሴሊን መሥሪያዋ ከተማ የጂንግዴዠን ሹም የንጉሡ ስም በዕቃ ላይ እንዳይጻፍ ከልክሎ ነበር።

ከጽሑፉ ይልቅ የሚያብረቀርቀው ልባስ ያልነካውን መቀመጫውን አምናለሁ። ጣቴን ሳዞርበት ሻከር ይላል፤ ዘመናት የገባበት ቆሻሻ በሳሙናም አይለቅም። ይሄ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ አስመሳዮችም በሻይ ቀለም ያስረጁታል። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ሆዱ መሀል ላይ አግድም የሚሄድ ጉብታ አገኛለሁ። ታችና ላዩ ለየብቻ ተሠርቶ የተጋጠመበት ነው። በእጅ የተሠራ መሆኑን ይነግረኛል፤ ዘመኑን አይነግረኝም።

ወደ ዘመኑ ያቀረበኝ ሥዕሉ ነው። በጥሩ የካንግሺ ሥራ ላይ ሰማያዊው ደመቅ ፈዘዝ እያለ በጥንቃቄ ይደራረባል። እዚህ ግን ብሩሹ ቸኩሏል፤ አበቦቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ይህ ንድፍ ከነአራት ፊደሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለውጭ ገበያ በብዛት ይሠራ ነበር። ስለዚህ የንጉሥ ጓንግሹ ዘመን ነው እላለሁ፤ ከ1875 እስከ 1908 ያለው።

ደስ ያለኝ ደግሞ ከቤታችን ወሬ ጋር መግጠሙ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ከተማዋ ሱቆች መጉረፍ የጀመረው ያኔ ነው። አያቴ "እናቴ ከሱቅ የገዛችው ነው" ስትል ልክ ነበረች ማለት ነው።

አሁን የቀረኝ ድሬ ላለው አጎቴ ደውዬ የነጋዴው ሱቅ የት ሰፈር እንደነበር መጠየቅ ነው። እስከዚያው በረኪና አላስነካውም፤ የተሸረፈውን አፉንም አላስጠግነውም። ውስጡ አሁንም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።