ዋናው አደጋ አይጧ ስትሞት ነው

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ስለፈጀው ቸነፈር፣ ስለ ጥቁር ሞት ሲወራ ጥፋቱ ሁሉ በአይጥ ይላከካል። አይጥ ግን ራሷ የበሽታው የመጀመሪያ ሟች ነበረች፤ ወደ ሰው ያሻገረችው ቁንጫ ናት።

ቸነፈሩ እ.ኤ.አ. በ1347 በመርከብ ሲሲሊ ገባ፤ እስከ 1351 አብዛኛውን አውሮፓ አዳረሰ። ጥቁር አይጥ የምትወደው ሳር ክዳንና እህል ያለበትን ቤት ነው፤ ደምቢያ ውስጥ ጎተራ አጠገብ ያደረ ሰው ሌሊት ክዳኑ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ያውቀዋል።

ቁንጫዋ የታመመች አይጥ ደም ስትመጥ ተህዋሲው አብሮ ይገባና ከሆዷ መግቢያ ላይ ተራብቶ ይጋገራል፣ መተላለፊያውንም ይደፍነዋል። ከዚያ ወዲያ የመጠጠችው ደም አይወርድላትም። ስለማትጠግብ ደጋግማ ትነክሳለች፤ በነከሰች ቁጥርም ደሙን ከነተህዋሲው ቁስሉ ውስጥ መልሳ ትተፋዋለች። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ድፍኑ በደንብ አይያዝም።

አይጧ ሞታ ሬሳዋ ሲቀዘቅዝ ቁንጫዎቹ ጥለዋት ይወጣሉ። ሌላ አይጥ ካጡ ሰው ላይ ይሰፍራሉ። በሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይጀምራል፣ ንፍፊትም ያብጣል፦ የተነከሰው እግር ከሆነ ብሽሽት፣ እጅ ከሆነ ብብት።

የአውሮፓው ቸነፈር የተዛመተበት ፍጥነት በአይጥ ብቻ አይገለጽም፣ የሰው ቁንጫና የልብስ ቅማልም እጃቸው አለበት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኔንም ያሳምነኛል፤ በብርድ አገር ያንኑ ልብስ ደርቦ ተጠጋግቶ መተኛት ለቅማል ድግስ ነው። እኛ ደጋ ላይ የምናውቀውን ግርሻ ትኩሳት የሚያዛምተውም እሱው ነው፤ ግን የሚያስይዘው ነክሶ ሳይሆን ሲታከኩ ቆዳ ላይ ሲፈርጥ ነው።

ቸነፈር ዛሬም ማዳጋስካር ውስጥ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ቀድሞ አይጥ መመረዝ ትልቅ ስህተት ነው፤ የተራበ ቁንጫ በቤቱ ይለቃል። መጀመሪያ የቁንጫ ዱቄት በየጉድጓዱና በመመላለሻቸው ይነሰነሳል፤ መርዙ የሚቀመጠው ቁንጫው ካለቀ በኋላ ነው። የሞተች አይጥ በባዶ እጅ አትነካም፦ ፀረ ተባይ ይረጭባታል፣ በአካፋ ተነስታ በድርብ ፌስታል ትታሰርና ትቀበራለች። ድመት ማብዛትም አያዋጣም። ድመት የታመመች አይጥ በልታ ትያዛለች፣ ሳንባዋን ካጠቃት ደግሞ በሳል ባለቤቷን ልታስይዝ ትችላለች።