በሰው ቋንቋ የተያዘ ቃል

ከመተማ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር በሚመጣው መንገድ ላይ ዐረብኛ ተናጋሪው ብዙ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተጠርጥሮ ባሕር ዳር ውስጥ ለፖሊስ ቃሉን ቢሰጥ፣ ተከላካይ ጠበቃው መጀመሪያ ማየት ያለበት የቃሉን የመጨረሻ ገጽ ነው። የተጠርጣሪው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አለ፤ የአስተርጓሚውስ?

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ ለማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ያዛል፤ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። አጠገብ የተገኘ ሌላ እስረኛ ወይም ራሱ መርማሪው ካስተረጎመ ግን ዝም የማለት መብቱ በትክክል እንደተነገረው በምን ይታወቃል? ከመተከል ለመጣ የጉሙዝ ተናጋሪም ጥያቄው ያው ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የሚሰጠው ለፍርድ ቤት ክርክር ነው። የኬንያም አንቀጽ 50 እንዲሁ የሚናገረው ስለ ችሎቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ግን ከፖሊስ ምርመራ ይጀምራል፤ የእስር ትእዛዝ፣ ክስና ፍርድ በጽሑፍ እንዲተረጎሙም ያስገድዳል። የኅብረቱ አገሮች ያን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በወንጀል የሚፈለግን ሰው እርስ በርስ አሳልፎ ለመስጠት ከተስማሙ በኋላ፣ የአንዱ አገር ዳኛ የሌላውን ምርመራ ማመን ነበረበት። የእኛም ቀጣና ያለዚህ ዝቅተኛ መስፈርት ተፈላጊ መለዋወጥ የለበትም።

የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት የሰዓት ገደብም ነገር አለ። ኬንያና ደቡብ ሱዳን 24 ሰዓት፣ ኢትዮጵያና ኡጋንዳ 48 ሰዓት ብለዋል። በእኛ ሕግ ለጉዞ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከዘጌ በጀልባ ለመጣ ሰው የሚቀነሰው የጀልባው ጉዞ እንጂ ሌላ ቀን አይደለም። ሰዓቱ የሚጀምረውም እጁ ከተያዘበት ነው፣ ስሙ ጣቢያው መዝገብ ላይ ከሰፈረበት አይደለም።

ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ በሚጠይቅበት በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ሦስት ነገር በመዝገብ እንዲሰፍር ይጠየቅ፦ የተያዘበት ሰዓት፣ ቃሉን የሰጠበት ቋንቋ፣ ያስተረጎመው ሰው ስምና ከምርመራው ጋር ያለው ግንኙነት። አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ሆኖም ጥያቄው ለሚቀጥለው ከተላለፈ አስተርጓሚውን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ ዳኛውም "ለምን ያኔ አልተነሣም?" ማለቱ አይቀርም።