የዶጎን ጭምብልና የጎንደር ሥዕል

ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ዋልኩ። የማሊ ዶጎኖች ጭምብል ጋ ስደርስ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ካናጋ ይሉታል። ፊቱ ከእንጨት የተጠረበ፣ አናቱ ላይ ባለ ሁለት አግድም መስቀል የመሰለ ነገር የቆመበት ነው። አግድሞቹ በጠፍር ታስረዋል፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ለቋል።

ካናጋ የሚወጣው ዳማ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የሟች ነፍስ ከመንደር ተሸኝታ ወደ አያት ቅድመ አያቶቿ እንድትሄድ፣ ሐዘንም እንዲያበቃ። ጨፋሪው ጎንበስ ብሎ አናቱን ሲያሽከረክር የጭምብሉ ጫፍ መሬት ይነካል። መስታወቱ ውስጥ ከበሮው የለም፣ አቧራው የለም፣ የቃጫው ልብስ የለም። አንጀቴን በላኝ።

ከዶጎን አገር ብዙ ቅርስ ሰብስቦ የወሰደው በፈረንሳዊው የሕዝቦች ባህል አጥኚ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ነው (ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ.)። ያው ቡድን በ1932 ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስ ቤተክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ፣ በቦታቸው ቅጂ ተክቶ ሄደ። እነሱም ዛሬ የዚሁ ሙዚየም ስብስብ ናቸው! ይህን እያወቅኩ የዶጎኖችን ጭምብል እንደ ባዕድ ዕቃ ማየት አልቻልኩም።

የአፍሪካ ጥበብ የምትሰበስቡ ወዳጆቼ፣ ዕድሜውንና ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን እጅ፣ እንዴት እንደወጣ ጠይቁ። ለገበያ የተቀረጸ አዲስ ጭምብል መግዛትም ምንም ነውር የለውም፤ ለቀራጩ እንጀራው ነው።