ባና ለብሳ የከረመች የውሃ አበባ

የመጀመሪያዋን የገደልኳት እኔ ነኝ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ የሚበረታበት። ለዓሣ ገንዳዬ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት ቀይ ታይገር ሎተስ የምትባል የውሃ አበባ ከኮክ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጥቁርና ሸካራ ራስ ነበረች። እንደ ነጭ ሽንኩርት አሸዋው ውስጥ ጠልቃ እንድትገባ አድርጌ ቀበርኳት። በሦስተኛው ሳምንት ሳወጣት ጣቴ ላይ ሟሸሸች፤ ሽታዋ ሁለት ቀን ከእጄ አልለቀቀም።

ሎተስ ትባል እንጂ እውነተኛው ሎተስ ሌላ ነው። ይህች ኒምፊያ ከሚባለው ወገን ናት፤ የአፍሪካ ሞቃት ውሃዎች ልጅ። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማታል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ የገንዳዬን ውሃ ማለዳ ስለካው 15 ዲግሪ ነበር። ብርዱም ቀብሩም ተባብረው ጨረሷት።

ሁለተኛዋን ጥር ላይ ሳልቀብር አሸዋው ላይ አስቀመጥኳት፤ ሥሯ ሲወጣ አሸዋውን ራሱ ይይዛል። ማሞቂያ ገዝቼ 25 ዲግሪ ላይ አደረግሁት። መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች ደግሞ ገንዳውን በመንዝ ባና እጠቀልለዋለሁ፤ ላዩን ለአየር ክፍት እተወዋለሁ። እስከ ንጋት ሙቀቱ ከአራት ዲግሪ በላይ አይቀንስም። እናቴ መጀመሪያ ያየች ዕለት «ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ዓሣ ባና ይለብሳል!» ብላ ጎረቤት ጠርታ አሳየችብኝ።

በ11ኛው ቀን ከራሷ ጫፍ ግራና ቀኙ እንደ ክታብ የተጠቀለለ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር ብቅ አለ። ሲፈታ የቀስት ጫፍ የመሰለ ቅጠል ሆነ። ጧት ሥራ የረፈደብኝ እርሱን ሳይ ነው።

አምስተኛው ቅጠል ዘንጉን አስረዝሞ ወደ ላይ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ተውኩት። ጥፋት ነበር። አንዱ ከወጣ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ላዩን ሸፍነው ታች ላሉት ዕፅዋት ብርሃን ያሳጣሉ። አሁን ወደ ላይ የሚያቀናውን ከሥሩ በመቀስ እቆርጣለሁ፤ እርሷም ታች መስፋት ትጀምራለች። አበባ የሚፈልግ ሰው ግን መቀሱን ያስቀምጥ፤ የምታብበው ቅጠሏን ውሃው ላይ ስትዘረጋ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከእናቲቱ እግር እንደ እንጆሪ ሐረግ ያለ ነጭ ክር በአሸዋው ሥር ተሳበ። አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጥፍር የምታህል ቡቃያ አወጣ። ቸኩዬ ቆረጥኳት፤ በሳምንት ቀልጣ ጠፋች። ቀጣይዋን አራት ቅጠልና የራሷን ሥር እስክታበጅ ጠበቅኋት፤ ከዚያ ሐረጉን መካከሉ ላይ ቆርጬ ከሥሯ አጠገብ አንድ የማዳበሪያ እንክብል ቀበርኩላት። ቅጠል እንኳ አልጣለችም።

ሦስተኛዋን ቡቃያ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ሸዋ ሮቢት ላለችው እኅቴ ላክሁ። የጣርማበርን ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ አየሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ማሞቂያ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ሰኔ ላይ ደውላ «ሦስት ቅጠል ውሃው ላይ ተዘርግቷል፤ መካከሉ ላይ እንደ እርሳስ ጫፍ የሾለ እምቡጥ አለ» አለችኝ። መቀስ እንዳታስጠጋ ለመንኳት።

የእኔ ገና እምቡጥ አላሳየችም። ትናንት ሌሊት መብራት ሲጠፋ ተነሥቼ ባናውን ብፈልግ አጣሁት። እናቴ ቀድማኝ ገንዳውን አልብሳዋለች።