ውጤቱ ንጹሕ ነው፤ ሕመሙ ግን አለ

ዛሬ ታላቅ እህቴን ይዤ ከኮምቦልቻ ደሴ ለሕክምና ወጥተን ነበር። የኢንዶስኮፒ (በአፍ ወደ ጨጓራ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ውጤቷ ንጹሕ ነው። ቁስለት የለም፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም የለም። እኔ ተመስገን አልኩ። እሷ ግን እንባዋ መጣ። «ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው?»

ሐኪሙ እግዜር ይስጠው፣ አልቸኮለም። «አብሽሪ፣ ሕመምሽ እውነተኛ ነው» አላት። ሁለት ችግር ተደራርቦባታል። አንዱ የጨጓራ ነው፦ ትንሽ ቀምሶ መጥገብ፣ ከምግብ በኋላ መክበድ፣ ማቃጠል። ሌላው የአንጀት ነው፦ ቁርጠት፣ መነፋት፣ አንዴ ድርቀት አንዴ ተቅማጥ። በመሣሪያ የሚታይ ቁስል የለውም። የተዛባው አንጀትና አንጎል የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጋዝ እሷን ያሳምማታል።

ብዙ ሰው አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ 33 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተጠየቁት ከ10 ሰው 4ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ሲደራረብ ደግሞ ጭንቀቱና ድብርቱ ይብሳል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መንገድ ካለባት ቁርስ አትበላም። የሐረጎ ጠመዝማዛ ገና ሳይጀምር ሆዷን በነጠላዋ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ልቅሶ ቤት በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ሰርግ ቤት ሳትበላ ስትነሳ «ናቀችን» ተብላለች፤ ይሄ ከቁርጠቱ በላይ ነው የሚያማት።

አሁን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እንድትበላ ተነግሯታል። የበላችውንና የተሰማትን በደብተር ትጽፋለች። መድኃኒትም ጀምራለች። ክብደት ከቀነሰች ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካየች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትመለሳለች።

ዘመዶቼ፣ ቤታችሁ ስትመጣ እባካችሁ «በሞቴ» እያላችሁ አታጉርሷት።