አክተሩ አይሞትም ላላችሁ ሁሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ጅዳም የቀራችሁ፣ ሁላችሁም። መውሊድ ያለፈው በቅርቡ ስለሆነ ያኔ ያልደወልኩላችሁ ወዳጆቼ ሁለቱን በአንድ ላይ ተቀበሉኝ።

የበዓል መልእክት ምርቃት ይበዛዋል። ምርቃቱን ለእናቶቻችን ልተወው፣ እነሱ ይችሉበታል። እኔ የማወራችሁ ክረምቱን ሙሉ ስለተጨቃጨቅንባቸው ፊልሞች ነው።

የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል። ከሰዓት ዝናቡ ከጀመረ ፒያሳ ደርሶ መመለስ ራሱ ጉዞ ነው። ስለዚህ ሰው ቤቱ ይቀመጥና ፊልም ያያል። ከቴሌግራም ያወረደ ላላወረደው በፍላሽ ይሰጣል። ፍላሹ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ መጀመሪያ ያልነበረ ፊልም ይገኝበታል፤ ማን እንደጫነው አይታወቅም። ከዚያ መብራት ይጠፋል። ወሬው የሚደራው ያን ጊዜ ነው። እኔ በበኩሌ ፊልም አይቼ ካልተጨቃጨቅኩበት ያየሁት አይመስለኝም።

ይህ አመላችን ከቪዲዮ ቤት የመጣ ነው። የኛ ዕድሜ ሰው ፊልም ማየት የተማረው እዚያ ነው። ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ጨርቅ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። በሩ ላይ በካርቶን የተጻፈ ፕሮግራም ይንጠለጠላል። የፊልሙን ስም ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም። የአሚታብ ነው፣ የጃኪ ቻን ነው፣ በቃ። ዋናው ሰውዬ አክተሩ ነው። ክፉው ቦሱ ነው። አክተሩ ደግሞ አይሞትም። ይህ ሕግ ነበር።

ሕጉን ያፈረሰብን ‹ሾሌ› ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሕንድ ፊልም። አሚታብ ባችቻንና ዳርመንድራ ሁለት ጓደኛሞች ሆነው ይሠራሉ፤ መጨረሻ ላይ አሚታብ ይሞታል። ቤቱ ተበጠበጠ። ግማሹ ክፍል ሁለት አለው፣ እዚያ ላይ ይነሳል አለ። አንዱ ግን ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየና መፍትሔ አመጣ። አክተሩ አይሞትም፤ አሚታብ ሞተ፤ ስለዚህ አክተሩ ከመጀመሪያውም ዳርመንድራ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ የፊልም ትንተና አልሰማሁም።

ዘንድሮ ክረምት ፊልሙን ደግመን አየነውና ሌላ ነገር ተነሳ። ቦሱ፣ ጋባር ሲንግ፣ በምናውቀው አጨራረስ ፖሊስ ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ የተቀረፀው ግን እንደዚያ አልነበረም። እጆቹን የቆረጠበት ታኩር በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ሕንድ ያኔ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፣ የሳንሱር ቦርዱ አልፈቀደም፣ ፖሊስ እንዲገባ ተደረገ። ይህን ስነግራቸው ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን «እኔኮ ያኔም ፖሊሱ ከየት መጣ ብዬ ነበር» አለ። በልጅነቱ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተቀጠለውን ቦታ አይቶታል። ሳንሱር የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ።

መውሊድ ዕለት ደግሞ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ነበርን። በዓሉ ሲሆን የዓረብ ጣቢያዎች የእስልምናን አጀማመር የሚተርከውን ‹አል-ሪሳላ› የተባለ ፊልም አይተዉትም። ወዲያው ጠብ ተነሳ። ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛችን የነቢዩን አጎት ሐምዛን ሆኖ የሠራው የሆሊውዱ አንቶኒ ኩዊን ነው አለ፣ በቪዲዮ ቤት ጊዜ አይቶታል። የሐጂ ልጅ ሳቀበት፤ ይኸው ስክሪኑ ላይ ያለው ዓረብ ነው፣ ምን አንቶኒ ኩዊን አለው? ውርርድ ተያዘ። ስልክ ወጣ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሶርያዊው ዳይሬክተር ሙስጠፋ አቃድ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ነው የሠራው። ያንኑ ትዕይንት አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በዓረብኛ፣ ተዋንያኑን እየቀያየረ። በእንግሊዝኛው ሐምዛ አንቶኒ ኩዊን ነው፣ በዓረብኛው አብደላ ጌይስ። የውርርዱን ለስላሳ ማን እንደሚከፍል እስካሁን አልተወሰነም።

ከዚያ ሁሉ ጨዋታ ግን የቀረልኝ የሐጂ ባለቤት የተናገሩት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። የሚያናግሯቸው ሰዎች በቀጥታ ካሜራውን እያዩ ነው የሚናገሩት። እትዬ ቡናውን እየቀዱ «ሌላ ፊልም ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እዚህ ላይ ግን ሰዎቹ ወደኔ እያዩ ሲያወሩ እንዴት ልተኛ?» አሉ። የፊልም ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ለማለት ገጽ ይጨርስ ነበር።

የሀበሻው ንጉሥ ጋ ስንደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ፊቱ ቀርበዋል፣ ከነሱ አንዱ ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ያነባል፣ ንጉሡ በዘንጉ መሬቱ ላይ መስመር ያሰምራል። ደሴ ውስጥ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በተቀመጠበት ሳሎን፣ ይህን ማየት ሌላ ነው። ጸጥታው ግን አልቆየም። «ይሄ ቤተ መንግሥት የት አገር ነው? አንድ ነጠላ የለበሰ እንኳ የለም!» ተባለ። እውነት ነው፣ ፊልሙ የተሠራው ሞሮኮና ሊቢያ ነው። ቢያንስ ለዚያች ትዕይንት ወሎ ብቅ ቢሉ ምን ነበረበት?

የዚሁ ዳይሬክተር ሌላ ፊልም አለ፣ ስለ ሊቢያው አርበኛ ዑመር ሙኽታር፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ። እዚያም አንቶኒ ኩዊን ነው። ኦሊቨር ሪድ ደግሞ ግራዚያኒን ሆኖ ይሠራል። ጣሊያን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1982 አግዳ በቴሌቪዥን ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ አይተው ሲጨርሱ «ይሄ ግማሹ ነው፤ ቀሪው እኛ ጋ ነው ያለው» አሉ። ልክ ናቸው። ግራዚያኒ ከሊቢያ በኋላ ወዴት እንደመጣ፣ በ1929 ዓ.ም. የካቲት አዲስ አበባ ላይ ምን እንዳደረገ ለኛ የሚነግረን አያስፈልግም። እግረ መንገዴን፣ ደሴን ካሜራ የማያውቃት ገጠር አድርገው ለሚያወሩ ሰዎች፦ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች እዚሁ ነበሩ። ጃንሆይ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶ የደሴ ነው። ይህን የሚሠራ ፊልም ሠሪ እየጠበቅን ነው።

ከአገር ውስጥ የደርግን ዘመን በሚያሳየው ‹ጤዛ› ላይ ተጣልተናል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ያገኘበት፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት የወሰደበት ፊልም ነው። ወንድሜ ይጎተታል አለ። ሽልማቶቹን ደረደርኩለት። «ሽልማቱ ለምን ይጎተታል ለሚለው መልስ አይሆንም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ፊልሙን ግን አሁንም እወደዋለሁ። ደርግን በዕድሜያቸው የኖሩት አባታችን አንዴም ይጎተታል አላሉም፤ ብዙ ቦታ ላይ ቀና ብለው ጣሪያውን ነው ያዩት።

አሁን ወደ ትናንት ማታ ልምጣ።

ትናንት ማታ፣ የበዓሉ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ፣ እኛ ሳሎን ተቀምጠን ‹ላምብ›ን አየን። የማን ሐሳብ እንደነበር አልናገርም። ላላያችሁት፣ የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ከተመረጡት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ እናቱ በድርቅ ትሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ሩቅ ያሉ ዘመዶች ጋ ይተወዋል። ልጁ ቹኒ የምትባል በጉን ይዞ ይሄዳል። አጎቱ ታዲያ በጓ ለሚመጣው በዓል ትታረዳለች ይላል። በቃ፣ ፊልሙ ይኸው ነው። ልጁ በጓን ለማትረፍና ወደ አገሩ ለመመለስ ምን እንደሚያደርግ።

ገና ግማሽ ሳንደርስ ውጪ የታሰረው የኛ በግ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ብድግ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ቆሞ «የኛ በግ ስሙ ማነው?» አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ስም እንዳታወጣለት! እንዳትሞክራት!»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን በጸጥታ ያየ የለም። ሁላችንም አጎትየው ላይ ዘመትን። ጨካኝ ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ብቻ አልተስማማም። «ተዉ እንጂ፣ ሰውየው ምን አደረገ? ዝናብ በጠፋበት ዘመን ያን ሁሉ ሰው የሚያበላ እሱ ነው። በዚያ ላይ አንድ አፍ ተጨመረበት። በዓል ሲመጣ ግቢው ውስጥ ያለ በግ ይታረዳል። ነገ እኛ ምን ልናደርግ ነው?» ውጪ ያለው በግ ደገመና ጮኸ። ማንም መልስ አልሰጠውም።

ነርሷ ጓደኛችን ደግሞ በጉን ትታ ሌላ ነገር ላይ ነበረች። ልጁ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ነው፤ ከሟች እናቱ የተማረው። አጎቱ ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል ብሎ ይቆጣል። «ልጁ የሚያማስለው ርቦት ብቻ አይደለም፤ እናቱን ነው የሚያስታውሰው» አለች። እኔ ይህን አላየሁትም ነበር። ፊልሙን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፣ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ሲሸጥ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

እናቴስ? እናቴ «ሳምቡሳው ዘይት አልበዛበትም?» አለች።

ከሳቃችሁ አልቀርም፤ ግን ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ፊልም አንዱ አጎቱን አየ፣ አንዷ ማሰሮውን፣ ልጁ በጉን፣ እናቴ ዘይቱን። ማንም «አሪፍ ነው» ወይም «ደባሪ ነው» ብሎ አልዘጋውም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ 10 ከ10 የሚባል ነገር ነው። ፊልሙ እንዴት ነው ስትሉት «8 ከ10» ይላችኋል። ሁለቱ ነጥብ የት ሄደ? የቱ ቦታ ላይ ቀነሰ? አይነግራችሁም። ከነዚህ የሚብሱት ደግሞ አጨራረሱን ነግረው የሚገላገሉ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ ለነሱም እንኳን አደረሳችሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ስለ ፊልም ስትጽፉልኝ አንድ ቦታ ንገሩኝ። አንድ ፊት፣ አንድ በር፣ አንድ ዘፈን የገባበት ቦታ፣ አይጠፋችሁም። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ ካላችሁም እሱ ራሱ አስተያየት ነው። ያልወደዳችሁትን አልወደድኩም በሉ። እኔ የምወደውን ፊልም ብትነቅፉ አልቀየምም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ። ቡና ላይ ያልፍልኛል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደተለመደው እኛ ቤት ነን። ኮምቦልቻዎች፣ ሐረጎን ስትወጡ ብርዱ ይቀበላችኋልና ጃኬት ያዙ፤ ባለፈው የኔን ለብሳችሁ የሄዳችሁትም መልሱልኝ። ለሙስሊም ወዳጆቻችን ዳቦው፣ ቡናው፣ ሽሮው ተዘጋጅቷል፣ አብሽሩ። መብራት ከጠፋ ያለፈውን እየተጨቃጨቅን እንጠብቃለን።

የሚታየው ፊልም ገና አልተወሰነም። ወጣቶቹ የሕንድ አክሽን ይላሉ፣ አባቴ የድሮ የጦርነት ፊልም፣ ነርሷ የሚያስለቅስ ነገር ካልሆነ አልመጣም ብላለች። እናቴ በሁሉም ትስማማለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ በግ ያለበት ፊልም እንዳይከፈት። ፍላሽ የምታመጡ ሰዎች ከመምጣታችሁ በፊት ፈትሹ።

መልካም አዲስ ዓመት!